እስክትወልድ ድረስ

መጀመሪያ የተሰማው ጥሩምባው ነው። ለአረፋ የሚገቡትን ወንዶች የጫነው የአዲስ አበባው ኤንትሬ የጭነት መኪና ከቡታጅራ ወዲህ ያለውን ዳገት እያቃሰተ ሲወጣ መንደሩ እልል አለ። ነገ የሴቶች አረፋ ነው፤ ከበዓሉ ቀድሞ ሴቶች ጎመንና አይብ የሚያቀርቡበት ቀን። ጎመን የምትከትፈው አሚኔ ቢላዋን አስቀምጣ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች። አምስት ወሯ ነው።

«እጅሽን አንሺ፤ ሰው ያውቅብሻል» አሏት አማቷ ሳሌሃ።

ሁለት ጊዜ አስወርዷታል፤ ሁለቱም ጊዜ ባሏ አብዶ ለአረፋ በመጣበት ሰሞን። ሳሌሃ ለመንደሩ «የእንግዳ ዓይን በላብን» ብለው አወሩ። አብዶ ከአምስት ወር በፊት ለለቅሶ ብቅ ባለ ጊዜ ለተፀነሰው ለዚህኛው፣ ከሼኹ ክታብ አምጥተው ወገቧ ላይ አሰሩላት፤ ሰፊ ቀሚስ አለበሷት፤ ለባሏም እንዳትነግር አስማሏት። አሚኔ የባሏ እርግጫ የት እንዳረፈ፣ ደሙ መቼ እንደመጣ ታውቃለች። ግን አሮጊቷ ዓይን ነው ብለው ሲምሉ፣ ምናልባት የባሏንም እግር የሚያነሳሳው ያው የሰው ዓይን ይሆናል ብላ አስባ ነበር። የደከመው ሰው ምን የማያምነው አለ።

አብዶ ስኳር፣ ሻሽና የጃንሆይ ምስል ያለበት የቀን መቁጠሪያ ይዞ ገባ። መርካቶ ልብስ ይቸረችራል፤ ጨዋታም ያውቃል።

«ወላሂ እማዬ፣ ይችን ሴት አወፈርሻት። ቆጮውን ብቻዋን ነው እንዴ የምትጨርሰው?»

ጎረቤቶች ሳቁ። «ትብላ እንጂ» አሉ ሳሌሃ።

«መብላቱንስ ትችልበታለች፤ መውለዱ ነው የጠፋባት።»

ጎረቤት ሲወጣ ሳቁም አብሮ ወጣ።

«ስመጣ በር ላይ ያልቆምሽው ለምንድን ነው?» አላት። መልስ አልጠበቀም፤ ተነሳ። አሚኔ ሆዷን ወደ ግድግዳው አዙራ ጀርባዋን ሰጠችው። ጀርባ ይችላል።

ሳሌሃ ክንዱን ያዙት። ገበያ ላይ ዋጋ ቀንስልኝ እንደሚል ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

«ልጄ፣ የዘንድሮውን እንኳ ተውልኝ። አምስት ወሯ ነው። እንደ ሁለቱ በእግርህ አታውጣብኝ። እስክትወልድ ድረስ ብቻ፤ ከዚያ ወዲያ ሚስትህ ናት፣ እንደ ፍጥርጥራችሁ።»

አብዶ ቁጭ አለ። ፊቱ በራ፤ ከልቡ ነበር።

«ምነው ሳትነግሩኝ? እሺ፤ እስክትወልድ።»

አሚኔ አማቷን አየቻቸው። እሳቸው ምድጃውን አዩ። ገና ከመጀመሪያው ያውቁ ነበር።

«በይ፣ እህል ቅመሺ» አሉ ሳሌሃ። «አንቺም አረፍሽ፣ እኔም አረፍኩ።»

አሚኔ ነጠላዋን ከመስቀያው አወረደች። ቀስ ብላ ተከናነበች።

«ወዴት ነው?» አለ አብዶ።

በእሱና በእናቱ መካከል አልፋ ወጣች።