በባሏ ስም «አቤት» የምትለው

«ሙሜ ዓብዱላሂ!»

«አቤት» አለች መርየም።

መዝጋቢዋ ገላነሽ ቀና ሳትል ከስሙ አጠገብ ምልክት አደረገችና ወደሚቀጥለው አለፈች። በቡናው መጋዘን ወንድ ተጠርቶ ሴት «አቤት» ስትል የሚስቅ የለም፤ በመጀመሪያው ሳምንት ተስቆ አልቋል። ሁለት ወር ሙሉ ስንዴና ዘይት በታደለ ቁጥር «ኢብራሂም» ሲባል አንዲት ነፍሰ ጡር ሆዷን ደግፋ ትነሣለች፣ «ዩሱፍ» ሲባል ጥርሳቸው ያለቀ አሮጊት በምርኩዛቸው ብድግ ይላሉ። መዝገቡ ላይ የሚጻፈው የቤተሰብ ኃላፊ ነው። የቤተሰብ ኃላፊ ማለት ደግሞ ባል ነው፤ አጠገብ ይኑር አይኑር፣ በሕይወት ይኑር አይኑር መመሪያው አልጠየቀም። ገላነሽም ለዚህ ሥራ የተመረጠችው በእጅ ጽሕፈቷ ማማር ነበርና መመሪያውን ሳታዛንፍ አሳምራ ጻፈችው። ሚስት የምትገባው በቁጥር ነው፤ «ሚስት 1፣ ልጅ 2» ተብላ።

የሰባ ዓመተ ምሕረት ሚያዝያ ነው። ከጅጅጋ መንገድ ጦርነቱን ሸሽተው ሐረር የገቡት ሰዎች ሸዋ በር አጠገብ ባለው የቡና መጋዘን ሁለት ወር ከርመዋል። አሁን መጋዘኑ ለቡና ተፈልጓል። በስድስት ሰዓት አራት የጭነት መኪኖች ተፈናቃዮቹን ጭነው ከድሬዳዋ ማዶ ወዳለ የሠፈራ ጣቢያ ይወስዷቸዋል። ያልተሳፈረ ሰው የእርዳታ ካርዱ ይሰረዛል።

መርየም መሳፈሩን አልወደደችውም። ከባሏ የተለያየችው በሽሽቱ ቀን ነው። ሙሜ ልብስ ሰፊ ነበርና መንገድ ከጀመሩ በኋላ የስፌት መኪናዬን ጥዬ አልሄድም ብሎ ከመንገድ ተመለሰ። ሲለያዩ የተባባሉት «ሐረር፣ ኤረር በር» ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ መርየም ዓርብ በመጣ ቁጥር ሁለት ሴት ልጆቿን አስከትላ ኤረር በር ትሄድና ከግንቡ ጥላ ሥር እስከ ማታ ትቀመጣለች። ስትመለስ ባሏን እያማች ነው የምትመለሰው። በዚህ ሳምንት ግን ለጉዞው ቆጠራ ሲባል ሦስት ቀን ከመጋዘኑ የወጣ ሰው የለም።

«እዚያ ድረስ ከሄድኩ በምን ያገኘኛል?» ብላ ትናንት ገላነሽን ጠይቃት ነበር።

«መዝገብ ላይ አለሽ እኮ። የፈለገሽ ሰው መዝገቡን አይቶ ይመጣል» አለቻት ገላነሽ። ከልቧ ነበር ያለችው።

አምስት ሰዓት ላይ ስም ጥሪው ሳያልቅ ኤረር በር አካባቢ ካለው ሌላ መጠለያ አንድ ዘበኛ ደብዳቤ ይዞ መጣ። የዚያ መጠለያ መዝጋቢ ለማ ነው፤ ገላነሽ የምታውቀው፣ ሥራ ወዳድ፣ ሰውን ሁሉ ሌባ ነው ብሎ የሚጀምር ልጅ። ኃላፊያቸው ኃይለመስቀል ደብዳቤውን መነጽሩን አድርጎ አነበበና ለእሷ አቀበላት።

«ቅጂው በእጃችን ባለው በእናንተ መዝገብ ተራ ቁጥር 212 የሠፈረው ሙሜ ዓብዱላሂ ትናንት እኛ ዘንድ መጥቶ ሁለተኛ ካርድ ለማውጣት ሲሞክር ተደርሶበታል። የስፌት መኪና ተሸክሟል። መርየም የምትባል ሚስት አለችኝ ቢልም እንዲህ የሚባል ስም በሁለቱም መዝገብ የለም። የቀበሌ ጥበቃ እጠራለሁ ስለው ተሰውሯል። ካርዱ እንዲነጠቅ።»

«ካርዱን ተቀበይው» አለ ኃይለመስቀል።

ገላነሽ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበችው። መጀመሪያ ደስ አላት፤ ሰውየው በሕይወት አለ። ወዲያው ደግሞ ፊቷ እስከ ጆሮዋ ጋለ። የእጅ ጽሕፈቷ ያን ያህል አስጠልቷት አያውቅም።

«ጓድ ኃይለመስቀል፣ ይህ ሰው እዚህ ኖሮ አያውቅም» አለች።

«ይኸው አለ ይላል መዝገቡ።»

«መዝገቡን የጻፍኩት እኔ ነኝ። ካርዱን የያዘችው ሚስቱ ናት። እሱ የመጣው ሚስቱን ፍለጋ ነው። እሷን ደግሞ በስሟ የትም አልጻፍኳትም።»

ኃይለመስቀል መነጽሩን አወለቀ። ከጎጃም ተዛውሮ የመጣ፣ ከመመሪያ ዝንፍ የማይል ሰው ነው፤ ገላነሽም እንደ ሌላው ሠራተኛ በሥራ ጉዳይ «ጓድ»፣ ሲቸግራት «ጋሼ» ትለዋለች።

«ጋሼ፣ እስከ ስድስት ሰዓት ይስጡኝ። ፈልጌ ላምጣው።»

«ስድስት ሰዓት ሲሆን መኪናው ይሄዳል» አለ። «እኔ ማንንም አልጠብቅም።»

ለመርየም ምንም አልነገረቻትም። ባታገኘውስ? የመንግሥት ማህተም ያለበትን ማህደሯን ብብቷ ውስጥ ወትፋ በሸዋ በር ወደ ጀጎል ገባች። ሐረር ተወልዳ ያደገች ሰው የት እንዳለ ለመገመት ብዙ አይቸግራትም፤ የስፌት መኪና የተሸከመ ሰው ሐረር ውስጥ ሌላ የት ይሄዳል? ግርግር ያለውን የጫትና የኦቾሎኒ ገበያ አልፋ በቀጥታ ወደ ልብስ ሰፊዎቹ መንገድ፣ ወደ መኪና ግርግር ቁልቁል ወረደች።

ከመንገዱ ግራና ቀኝ ሰፊዎቹ በየበረንዳው ተደርድረው ይለካሉ፣ ይቆርጣሉ፣ ይሰፋሉ። አዲስ ሰፊ መጥቶ እንደሆነ ጠየቀች። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የማህደሯን መልክ አይተው ምንም አናውቅም አሉ። ሦስተኛው በረንዳ ላይ አው መሐመድ የተባሉ የሐረሪ ሽማግሌ ቁልፍ እየተከሉ ነበር። እሳቸው ቀና ብለው አዩዋትና በአገጫቸው ወደ ጥጉ አመለከቱ። ከትናንት ጀምሮ እዚያ እንዳስቀመጡት፣ ስሙን እንዳልነገራቸው፣ እጁ ግን ጥሩ እንደሆነ ነገሯት።

ጥጉ ላይ አንድ ጠጉሩ የሸበተ ሰው መኪናውን በሣጥን ላይ አስቀምጦ የሴት ቀሚስ ይሰፋል።

«ሙሜ ዓብዱላሂ እርስዎ ነዎት?» አለችው።

ሰውየው ማህደሩን አየ። «አይደለሁም» አለ፤ እጁን አላቆመም።

«ታዲያ ማን ልበል?»

«ማንም በይኝ። ሙሜማ ቡና መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ስንዴ እየበላ ነው አሉ። ሁለት ወሩ ነው።»

ገላነሽ ሳቋም እፍረቷም አንድ ላይ መጣባት። ልብሴን አቧራ ይንካው ብላ አጠገቡ ቁጢጥ አለች።

«በእርስዎ ስም ስንዴ የምትወስደው መርየም ናት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ስመዘግብ የባል ስም ጻፊ ተባልኩ፣ ጻፍኩ።»

«መርየም የሚባል ሰው ብዙ ነው» አለ፤ የመኪናውን መዘውር ማዞሩን ቀጠለ። ትናንት «ጥበቃ» የተባለበት ሰው ዛሬ በጣፋጭ ቃል አይታለልም።

ምን ምልክት ትስጠው? የልጆቹን ስም እንዳትነግረው እነሱንም በቁጥር ነው የጻፈችው። ዓርብ ዓርብ ማታ መርየም ከኤረር በር ስትመለስ የምትለው ትዝ አላት።

«ከሚስቱ የስፌት መኪናውን ያስበለጠ ሰው እያለች ሁለት ወር ሙሉ ስታማዎት ነው የከረመችው» አለችው። «ሲመጣ መኪናው ቡሉኮ ታልብሰው፣ እሷ እንጀራ ትስጠው ትላለች።»

መዘውሩ ቆመ። ሰውየው ቀሚሱን ጭኑ ላይ አደረገ።

«ወላሂ እሷ ናት» አለ። «እንዲህ የምትል ሌላ ሴት የለችም። ልጆቹስ?»

«ሁለቱም ደህና ናቸው።»

«አልሐምዱሊላሂ» አለና አንገቱ ላይ ባንጠለጠለው ሜትር ዓይኑን ጠረገ። ገላነሽም አለቀሰች፤ መንገደኛ ቢያያትም ግድ አልሰጣት።

ደግሞ ይህ ሁሉ ሆኖ ሰውየው ብድግ አይልም። የሰው ልብስ እንደተከፈተ አይተውም፣ ይቺን ጠርዝ ልጨርስ አለ። ስድስት ሰዓት ሊሞላ ሩብ ጉዳይ ነው። ገላነሽ «መርየም እውነቷን ነው» ብላ በልቧ አማችው። በመጨረሻ አው መሐመድ ተነሥተው ቀሚሱን ከእጁ መነጨቁት። ለአዳሩ እንደማያስከፍሉት፣ ሚስት ግን እንደ ቀሚስ ተራ እንደማትጠብቅ ነገሩት። ሙሜ መኪናውን ትከሻው ላይ አድርጎ፣ እሷ ከፊት እየሮጠች ዳገቱን ወጡ።

መጋዘኑ ጋ ሲደርሱ ስድስት ከሩብ ሆኗል። አራቱም መኪኖች ሰው ሞልተው ሞተራቸው ይጮኻል፤ አልሄዱም። ማንንም የማይጠብቀው ኃይለመስቀል የፊተኛውን ሾፌር የራዲያተሩን ውኃ ለሦስተኛ ጊዜ ያስፈትሸዋል። መርየም አልተሳፈረችም። ልጆቿን አቅፋ ጓዟ ላይ ተቀምጣ ነበር።

አየችው። አልጮኸችም፣ አልሮጠችም። መጀመሪያ ትከሻው ላይ ያለውን መኪና ተመለከተች።

«አመጣሃት?» አለችው።

«አመጣኋት።»

ከዚያ በሻሿ ፊቷን ሸፈነች፤ ልጆቹ ግን አባታቸው መኪናውን እስኪያወርድ አልጠበቁም፣ አንዷ በአንድ እግሩ፣ አንዷ በሌላው ተጠመጠሙ። የጭነት መኪኖቹ ላይ ያሉት ሴቶች እልልታቸውን አቀለጡት።

ኃይለመስቀል ጉሮሮውን ጠረገና መዝገቡን ተቀብሎ ተራ ቁጥር 212ን በጣቱ ተከተለ።

«እንግዲህ ልክ ሆነ» አለ፤ እሱም ደስ ብሎታል። «ሙሜ ዓብዱላሂ፣ ሚስት አንድ፣ ልጅ ሁለት። የሚነካ ነገር የለውም። ይሳፈሩ።»

እውነቱን ነው፤ አንድ ፊደል አልተሳሳተም። ገላነሽ መስመሩን አየችው። ከዚያ ሁለተኛው መኪና ላይ ሆዷን ይዛ የምትስቀውን ነፍሰ ጡር አየች። ኢብራሂም ነገ ኤረር በር ቢደርስስ? ለማ መዝገቡን ገልጦ ምን ይለዋል?

«ጋሼ፣ ሞተሩን ያስጠፉልኝ» አለች።

«ደግሞ ምን ሆነ?»

«በባላቸው ስም የገቡ አሥራ አራት ሴቶች አሉ። ስማቸውን ጽፌ አንድ ቅጂ ለለማ እልካለሁ።»

ኃይለመስቀል ሰዓቱን አየ፣ መርየምን አየ፣ ለሾፌሩ እጁን አወዛወዘለት። ሞተሩ ጠፋ። ገላነሽ መዝገቡን የመኪናው መከላከያ ላይ ዘርግታ «ሚስት 1» የሚለውን በእስክሪብቶ ሰረዘችው፤ ያማረው ገጽ ተበላሸ።

«መርየም፣ የአባትሽ ስም ማን ነው?»

መርየም ሻሿን ከፊቷ ገለጥ አደረገች። ሁለት ወር ሙሉ ይህን የጠየቃት ሰው አልነበረም።

«ዓሊ» አለች። «መርየም ዓሊ።»

ጻፈችው። የልጆቹንም ስም ጠይቃ ጻፈች። ከዚያ ወደ ሁለተኛው መኪና ሄደችና ወደ ነፍሰ ጡሯ ቀና አለች። «ኢብራሂም» አላለችም።

«አንቺንስ» አለቻት፣ «ማን ልበል?»