ወይባና የሪያድ ክሬም

ጠይባ ከሪያድ ስትመለስ ወፍራ ነበር። አሠሪዎቿ ቤት ሩዙም ሥጋውም አይጎድልም፤ ከግቢው በር መውጣት ግን አይታሰብም። አገሯ መካነ ሰላም ከገባች ወዲህ ዳገቱ፣ ውሃ መቅዳቱና የገበያው ምልልስ ያንን ሁሉ ሥጋ በአንድ ዓመት አራገፉት። ሥጋው ሲሄድ ቆዳው አብሮት አልሄደም። የክንዷ ቆዳ ከብብቷ ሥር ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ሆዷም እንደዚያው ላላ።

ነገሩ ብዙም አላስጨነቃትም ነበር፤ ባሏ ሃሩን ከጅዳ ደውሎ «እሑድ ቤቴ ነኝ፣ ኢንሻ አላህ» እስኪላት ድረስ። ከተለያዩ ስድስት ዓመታቸው ነው። እሱ ጅዳ፣ እሷ ሪያድ፣ አንድ አገር እየኖሩ እንኳ አልተያዩም። ስልኩን ዘግታ መስታወት ፊት ቆመች፤ ክንዷን ዘርግታ ቆዳውን በጣቷ ብትመታው ተወዛወዘ።

«ያ አላህ! በዚህ ነው የምቀበለው?» አለች።

በማግሥቱ ወደ ጎረቤቷ ወደ እትዬ አልጣሽ ሄደች። እትዬ አልጣሽ የመሪጌታ ኪዳነ ማርያም ባለቤት ናቸው። ጓዳቸው ውስጥ የወይባ ጉድጓድ አለ፤ የወይባ እንጨት ፍም ላይ ተደርጎ ይጨሳል፤ ሴቷ ልብሷን አውልቃ ከላዩ ትቀመጥና እስከ አንገቷ ብርድ ልብስ ተከናንባ ትሞቃለች። ሙሽራም አራስም፣ ክርስቲያንም እስላምም፣ ገላዋ እንዲጠብቅ የፈለገች ሁሉ እሳቸው ዘንድ ትመጣለች።

«ሐሙስ ከሰዓት ነይ» አሏት። «መጀመሪያ ግን ለጋ ቅቤ ተቀቢ። ደረቅ ገላ ጢስ አይችልም።»

«እሺ እትዬ።»

ሐሙስ ዕለት ቅቤውን ከፈተችና አሸተተችው። ሃሩን እሑድ ሲመጣ ይኼ ሽታ ከፀጉሯ ላይወጣ ነው! ከሻንጣዋ ሥር ደግሞ ከሪያድ ያመጣችው ክሬም አለ፤ የመደብሩ ልጅ ቆዳ ያጠብቃል ብላ የሸጠችላት። ማሸጊያው ላይ ብዙ ነገር ተጽፏል፤ ጠይባ ግን አረብኛ መናገር እንጂ ማንበብ አትችልም። በሐሳቧ ነገሩን አሰላችው፤ ወይባው ያጠብቃል፣ ክሬሙም ያጠብቃል፣ ሁለቱ ቢተባበሩ የወር ሥራ በአንድ ቀን ያልቃል። ቅቤውን ከደነችና ክሬሙን ክንዷ ላይ ወፍራም አድርጋ ለቀለቀችው።

ጉድጓዱ ላይ ስትቀመጥ መጀመሪያ ደስ የሚል ሙቀት ተሰማት። ከዚያ አሳከካት። የጢሱ ነው ብላ ቻለችው። ትንሽ ቆይቶ ክንዷ እሳት የተለቀቀበት ያህል ሲንገበገብ ብርድ ልብሱን ወርውራ ብድግ አለች።

«ወየው እትዬ! ተቃጠልኩ!»

እትዬ አልጣሽ ጮኸው ገቡ። ክንዷ በርበሬ የተቀባ መስሏል። ቀረብ ብለው አሸተቷት።

«ምንድን ነው የተቀባሽው? ይኼ ቅቤ አይደለም።»

«ክሬም ነው። የሪያድ።»

«የሪያድ ክሬም ከወይባ ጋር! ማን ይሆን ያጋባቸው?» አሉና ቀዝቃዛ ውሃ በጣሳ እየቀዱ ያፈሱባት ጀመር። «አብሽሪ፣ አብሽሪ። ዝም ብለሽ ዘርጊው።»

ወደ ጤና ጣቢያ ወሰዷት። ነርሷ የኔአለም ቁስሉን አጥባ ቅባት ቀባችላትና በስሱ ሸፈነችው፤ ቅባቱንም ሰጠቻት።

«ክሬሙን ጣይው። እስኪድን ጢስም ፀሐይም አያግኘው። ሲድን ቫዝሊን እየቀባሽ አለስልሺው።»

«ቆዳው ግን ይጠብቃል?»

«ቶሎ የከሳ ሰው ቆዳ ቀስ እያለ ነው የሚሰበሰበው። ሁሉም ላይመለስ ይችላል። እንቁላል፣ ምስር፣ ባቄላ ብዪ፤ ውሃ ጠጪ፤ ክንድሽን በሥራ አጠንክሪው። ጡንቻው ሲሞላ ቆዳውንም ይሞላዋል።»

«እስከ እሑድ?»

ነርሷ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት።

ቅዳሜ ጠይባ ልብሷን በፌስታል ቋጥራ እትዬ አልጣሽ ደጅ ቆመች።

«ወረኢሉ እህቴ ዘንድ ልሂድ ነው። ሃሩን ሲመጣ እህቷ ታማባት ነው ይበሉልኝ።»

«እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ እኔ ልዋሽልሽ? ያውም ለሃሩን? በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኩት ልጅ እኮ ነው!»

«እሺ፣ ምንም አይበሉ። ዝም ይበሉ።»

«ዝም ማለቱንስ ከየት አምጥቼ?»

ጠይባ ተቆጥታ መናኸሪያ ወረደች። ሚኒባሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ረዳቱ «ግቢ፣ ተጠጋጊ!» እያለ ሲገፋት አንዱ መንገደኛ ክንዷን ገጨው። ዓይኗ በዕንባ ተሞላ። በዚያ መንገድ እየተላተሙ እስከ ወረኢሉ መሄድ እንደማይሞከር ገባት። ፌስታሏን ይዛ ተመለሰች።

ሃሩን እንዳለው እሑድ ደረሰ። ረጅም እጅጌ ያለው አባያ ለብሳ ተቀበለችው። ሰላም ሊላት ክንዷን ያዝ ሲያደርግ ጮኸች።

«ምን ሆነሻል?»

ልትዋሽ አስባ ነበር፤ አፏ ላይ የመጣው ግን እውነቱ ነው። ክሬሙንም፣ ወይባውንም፣ ወረኢሉንም ነገረችው። እጅጌዋን ሰብስባ መሸፈኛውን ገለጠችለት። ቁስሉንም የተንጠለጠለውንም ቆዳ አየ፤ ዓይኑን ቶሎ አላነሳም።

«ከስተሻል» አለ።

«ቆዳዬ ረግቧል።»

«አዎ፣ አየሁት። ለዚህ ብለሽ ነው ከእኔ ልትሸሺ የነበረው?»

«እንዳትጠላኝ ብዬ ነው።»

«ስድስት ዓመት ቆይቼ ስመጣ ባዶ ቤት ባገኝ ነበር የምጠላሽ። ወላሂ!» አለ። ከዚያ «ነርሷ ምን ቀቢ አለችሽ?» ብሎ እጁን ሊታጠብ ሄደ። መቀባቱን አላወቀበትም፤ ግማሹን ቅባት አባያዋ ላይ ለቀለቀው።

ከሰዓት በኋላ እንኳን ደህና መጣህ የሚለው ሰው ቤቱን ሞላው። እጅጌው ቁስሏ ላይ እየተጣበቀ ሲያሠቃያት ጠይባ አባያዋን አውልቃ በአጭር እጅጌ ቀሚስ ወጣችና እንግዶቹን ማስተናገድ ጀመረች። አማቷ እቴቴ ሳህኑን ሲቀበሏት ደነገጡ።

«ምነው ልጄ፣ ክንድሽ ምን ሆነ?»

«እንዲጠብቅ ብዬ ክሬም ተቀብቼ ወይባ ገባሁ።»

ሃሩን ቀና ብሎ አያት።

«ታዲያ ጠበቀልሽ?» አሉ እቴቴ።

«ገሚሱ እንዳለ አለ እማ፤ ገሚሱ ተላጠ» አለችና ወደሚቀጥለው እንግዳ አለፈች።