የምሳ ሰዓት ጥሪ

ልጄን ቁንጫ የምላት አንድ ቦታ አርፋ ስለማትቀመጥ ነው። አስም አለባት። እህቴ ጋ ትቻት ወደዚህ ከተማ፣ ልብስ ፋብሪካ ልሠራ ስመጣ፣ ሆዴን ያባባው ትንፋሿ ነበር። ሌላው ሁሉ ይለመዳል፤ ትንፋሿን ሳይሰሙ ማደር ግን አይለመድም።

የምትከታተላት ነርስ መላ አመጣችልን። ቁንጫ ጠዋትና ማታ የምትስበው መድኃኒት አናት ላይ የምትገጠም ትንሽ ዕቃ አለች። መድኃኒቱ በተጫነ ቁጥር ወሬውን ወደ ነርሷም ወደ እኔም ስልክ ትልካለች። እህቴ «ሰላይዋ» ብላ ስም አወጣችላት። «አላመንሽኝም ማለት ነዋ» ብላም አኮረፈች፤ እሷ መቼም የማኩረፊያ ምክንያት አጥታ አታውቅም።

እኔ ግን ሰላይዋን ወደድኳት። ፋብሪካው ውስጥ ስልክ ክልክል ነው፤ እኔ ጡት መያዣዬ ውስጥ እደብቀዋለሁ። ጠዋት ኪስ እየሰፋሁ ደረቴ ላይ ንዝር ሲለኝ፣ ልጄ ሳበች እልና እኔም አብሬያት አየር እስባለሁ። አጠገቤ የምትቀመጠው ኮሌታ ሰፊ «አንቺ ሴትዮ፣ ምን እንዲህ ያስተነፍስሻል?» ትለኛለች። ስቄ አልፋታለሁ።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ነዘረኝ። ክው አልኩ። መጸዳጃ ቤት ገብቼ እህቴ ጋ ደወልኩ።

«ከትምህርት ቤት መጥታ ምሳዋን እየበላች ነው። ምንም አልሆነችም» አለችኝ።

በማግስቱም ነዘረኝ። ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ፣ የምሳ ደወል ተደውሎ ምግባችንን ስንከፍት፣ እንደ ሰው ይጠራኝ ጀመር። ብፈራም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ነርሷ ራሷ ደወለችልኝ። «የምሳ ሰዓቱን አትስበውም። ዕቃዋ ሲጫን እንጂ ሲሳብ አታሳይም። አየር ላይ ነው የምትረጨው፤ እህትሽ አይታታለች። እንዲህ ከቀጠለች ወሩ ሳያልቅ መድኃኒቱ ያልቅባታል፤ ሌላ ደግሞ እስከሚቀጥለው ወር አይሰጣትም። ያኔ ሕመሙ ይነሳባታል» አለችኝ።

ከሥራ እንደወጣሁ ልቆጣት ደወልኩ።

«ቁንጫ፣ መድኃኒቱን ለምንድን ነው የምትረጪው?»

«ስጫነው ስልክሽ ይነዝራል ብለሽኝ የለ?»

«አዎ፣ ብዬሻለሁ።»

«ታዲያ ምሳ ስበላ ትናፍቂኛለሻ። እየጠራሁሽ ነው።»

ቁጣዬ ጠፋ። እኔም እንደምሰማት፣ ስትጠራኝ እንጀራዬ ከአፌ እንደሚቀር ልነግራት ፈለግሁ። ብነግራት ግን መቼም አትተወውም።

«ሁለተኛ እንዳትጫኚው። ጠዋትና ማታ ብቻ። ካለቀ ትታመሚያለሽ፤ ከታመምሽ ደግሞ እኔ እሞታለሁ።»

«እሺ እማዬ» አለች። «ስትናፍቂኝስ ምን ልጫን?» አለችኝ።

እህቴ ስልኩን ተቀበለቻትና ስለ ዝናቡ አወራችኝ።

በማግስቱ ጠዋት የፈረቃ ኃላፊያችን ጋ ፈቃድ ልጠይቅ ሄድኩ። ሰውዬው ክፉ አይደለም። ትእዛዝ ስለተደራረበብን ፈቃድ አይሰጥም እንጂ፣ ልጅ ለታመመባት እናት አሁንም ቶሎ ይፈቅዳል።

«ያቺ አስም ያለባት ልጅሽ ናት? አመማት እንዴ?»

አዎ ብዬው ቢሆን ኖሮ በዚያው አውቶቡስ እሳፈር ነበር። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ መጣ። ግን በገዛ ልጄ ላይ አላሟርትም።

«ደህና ናት» አልኩት። «ናፍቃኝ ነው።»

«ደህና ከሆነችማ ተመስገን በይ» አለኝ፤ ከልቡ ነው። «ሥራው ጋብ ሲል እናያለን።»

ወደ ስፌት መኪናዬ ተመለስኩ። የምሳው ደወል ተደወለ። ምግቤን ከፈትኩና እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ጠበቅሁ። ሰዎቹ በልተው መነሳት ጀመሩ።

ኮሌታ ሰፊዋ አየችኝ። «ዛሬስ አትተነፍሺም?» አለች።

«ልጄ ታዛዥ ናት» አልኳትና አለቀስኩ።