ዲቾቶ ላይ ድሪል አለ

በዚያ የድርቅ ዓመት ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ የአዋሹ የእንግሊዝኛ መምህር ኃይለ ልዑል ሰመራ ወርዶ ለአንድ የውጭ ድርጅት አስተርጓሚ ሆኖ ተቀጠረ። ድርጅቱ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መንገድ ዳር ለሚኖሩ ሰዎች ውሃም ያድላል፣ ስለ መኪና አደጋም ያስተምራል። ፈረንጆቹ በእንግሊዝኛ የሚሉትን ኃይለ ልዑል ወደ አማርኛ ይመልሳል፤ ከአማርኛ ወደ አፋርኛ የምትመልሰው ደግሞ ሀምዳ ናት። ሀምዳ አዋሽ ያደገች የአፋር ልጅ ስትሆን እንግሊዝኛ ያስተማራት እሱ ራሱ ነው። ዛሬ የልጆች እናት ሆና እንኳ ስሙን አትጠራም፤ "ቲቸር" ነው የምትለው። እሱም ይህ ስም ደስ ይለው ነበር።

አንድ ማለዳ የድርጅቱ መሐንዲስ ስብሰባውን ጨርሶ እየተነሳ፣ አፉ ውስጥ በሚቀር እንግሊዝኛው፣ "ሐሙስ ጠዋት ዲቾቶ ላይ ድሪል አለ። የአካባቢው ሰው አስቀድሞ ይወቀው" አለ።

ሰሞኑን ሲወራ የከረመው የጉድጓድ ነገር ነበር። ባለፈው ሰሞን በትልቅ መኪና ተጭኖ ያለፈውንም የመቆፈሪያ ማሽን የቢሮው ሰው ሁሉ ድሪል ነበር የሚለው። ኃይለ ልዑል ወደ ሀምዳ ዞረና፣ "ዲቾቶ ላይ የውሃ ጉድጓድ ሊቆፈር ነው፤ ሐሙስ ይጀምራሉ" አላት።

ሀምዳ ፊቷ በራ። አክስቷ ኡምሰልማ ፍየሎቿን ይዛ ውሃ ካጣ ሜዳ ላይ ነበረች። ወዲያው ግን ኮስተር አለች።

"እርግጠኛ ነዎት ቲቸር? እኔ ከተናገርኩ በዳጉ ነው የሚሄደው። ቤታቸውን ነቅለው ይመጣሉ።"

ዳጉ፣ አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ወሬ የሚለዋወጡበት ወግ ነው። በዳጉ የሐሰት ወሬ ያስገባ ሰው ከዚያ በኋላ የሚሰማው የለም። ኃይለ ልዑል ይህን ያውቃል። ልቡም ትንሽ ከብዶት ነበር፤ ጉድጓድ የሚቆፈር ከሆነ "ሐሙስ ጠዋት" ብቻ ለምን ተባለ? መሐንዲሱ ገና በሩ ላይ ቆሞ የመኪናውን ቁልፍ ይፈልጋል። ጠጋ ብሎ "ምን ማለትህ ነው?" ማለት ይበቃ ነበር። ነገር ግን በተማሪው ፊት አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ጠፋኝ ማለት አሳፈረው።

"እርግጠኛ ነኝ" አላት።

ሐሙስ ማለዳ የጅቡቲ መንገድ ከሚያልፍባት ከዲቾቶ ሲደርሱ ሕዝቡ ቀድሟቸው ነበር። ሰሌናቸውንና የጎጇቸውን እንጨት ግመል ላይ የጫኑ፣ ጀሪካን ያነገቱ ሴቶች፣ ጎናቸው የተጣበቀ ፍየሎች። ኡምሰልማ ሀምዳን እቅፍ አድርጋ ሳመቻት። የጭነት መኪኖች ወዲያና ወዲህ ቆመዋል፤ በመካከላቸው አንድ ባዶ የነዳጅ ቦቴ መንገዱን ተጋድሞበታል። መቆፈሪያ ማሽን ግን የለም።

ፊሽካ ተነፋ። የራስ ቁር ያደረጉ ሰዎች ቁስለኛ መስለው አስፋልቱ ላይ ተጋደሙ። የእሳት አደጋ መኪና እየጮኸ መጣና፣ ባልተቃጠለው ቦቴ ላይ ውሃና ነጭ አረፋ ይረጨው ጀመር።

ኃይለ ልዑል አሁን ገባው። ድሪል! ልምምድ! ዕድሜውን ሙሉ ተማሪዎቹን አንድ ዐረፍተ ነገር በኅብረት እያስደጋገመ ድሪል ሲያሠራ የኖረው እሱ ነበር።

ውሃው አስፋልቱን አልፎ ወደ አሸዋው ሲወርድ ፍየሎቹን ማን ያቁማቸው! ገመዱን ጥሰው፣ በሰው እግር መሐል ሾልከው አረፋው ውስጥ አፋቸውን ነከሩ። ሴቶቹም በጀሪካን ክዳን ሊቀዱ ጎንበስ አሉ። ጠባቂዎቹ በዱላ አባረሯቸው። መሐንዲሱ ፊቱ ቀልቶ ወደ ኃይለ ልዑል ሮጠ።

"ድሪል እንዳለ አልነገርካቸውም?"

"ነግሬያቸዋለሁ" አለ ኃይለ ልዑል።

ሀምዳ እጅጌውን ይዛ፣ "ጉድጓዱስ ቲቸር?" አለችው።

"ሐሳባቸውን ቀይረው ነው መሰለኝ" አላት፤ ዓይኗን ግን ማየት አልቻለም።

አረፋ የጠጡት ፍየሎች ሆዳቸው ተነፍቶ በመመለሻው መንገድ ላይ አለቁ። ካለቁት የሚበዙት የኡምሰልማ ነበሩ። ወሬው ሰመራ ሲደርስ ሁሉም ነገር ሀምዳ ላይ ተላከከ፤ ከቢሮው አበል ለማግኘት ብላ ሰው ሰበሰበች ተባለ። በማግስቱ የባሏ ወንድም ገበያ ውስጥ ሰላምታዋን ሳይመልስ አልፏት ሄደ። ይህን ለኃይለ ልዑል ስትነግረው አላለቀሰችም፤ "ወላሂ፣ ለምን ሐሳባቸውን እንደቀየሩ እንኳ ባውቅ እነግራቸው ነበር" ብቻ አለች። እሱም ሥራ አለብኝ ብሎ ተነሳ።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ቆርቆሮው ቤት በግለት ሲፈነዳ፣ ከአዋሽ ይዞት የመጣውን ወፍራም መዝገበ ቃላት ገለጠ። ቃሉ ከሆላንዶች ቋንቋ የመጣ ነው ይላል፤ መጀመሪያ ማዞር፣ እያሽከረከሩ መብሳት ማለት ነበር። ወታደርንም ግራና ቀኝ እያዞሩ ስለሚያሠለጥኑት ልምምዱ በዚያው ስም ተጠራ። ዘር በመስመር የሚዘራው መሣሪያም ድሪል ነው፤ መልካ ወረር፣ የጥጥ ምርምሩ ግቢ ውስጥ ቆሞ አይቶታል። አባቱ ይለብሱት የነበረው የካኪ ሱሪ ጨርቅም ድሪል ነው፤ እሱ ግን ዘሩ ሌላ ነው፣ ሦስት ክር ከሚል የላቲን ቃል የወረደ። ይህን ሁሉ ድሮም በከፊል ያውቅ ነበር። እያነበበ ራሱን ሊያጽናና ሞከረ፤ ቃሉ ነው ያሳሳተኝ ሊል። ግን ቃሉ ምን አደረገ? ጥያቄው ምላሱ ላይ ነበር፣ ሰውየው በሩ ላይ ነበር፤ ያልጠየቀው እሱ ነው። ዲቾቶ ላይ የዋሸውም እሱ ነው።

ሽማግሌዎች ስለ ሐሰቱ ወሬ ሀምዳን ለመጠየቅ በተቀመጡበት ቀን ሳይጠራ ሄደ። ከተቀመጡበት ግራር ጥላ ዳር ቆሞ፣ "ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የእሷ አይደለም" አለ በአማርኛ። ሽማግሌዎቹ ሀምዳን አዩ። እሷ ልትተረጉም አፏን ስትከፍት አንዱ እጁን አነሳ፤ ራሷን የሚያድናትን ቃል እሷው ብትተረጉም ማን ያምናል? ዲቾቶ ላይ ዕድሜውን ጎማ ሲጠግን የኖረ፣ አፋርኛ እንደ ውሃ የሚጠጣ በለጠ የሚባል ጎሚስታ ተጠራ።

ኃይለ ልዑል ሁሉንም ተናገረ። አንድ ቃል ሁለት ነገር እንደሆነ፣ እንዳምታታው፣ ሀምዳ እርግጠኛ ነዎት ብላ እንደጠየቀችው፣ በኋላም እንደዋሻት። በለጠ እየተረጎመ መሐል ላይ ቆም ብሎ አየው። "መምህር፣ ውሸቱንም ልንገራቸው?" አለው ቀስ ብሎ።

"እሱን በተለይ ንገራቸው።"

አንድ ሽማግሌ ጥቂት ቃል ተናገሩ። በለጠ ወደ አማርኛ መለሰው፦ "ሰውየው አጠገብህ ሳለ ለምን አልጠየቅኸውም ይላሉ።"

"አፈርኩ።"

ማንም አልሳቀም። ሽማግሌዎቹ ሀምዳን ንጹሕ ናት አሉ፤ እሱም ለኡምሰልማ ያለቁባትን ፍየሎች እንዲተካ ፈረዱበት። ኡምሰልማ ፍርዱን ተቀበለች። ከዚያ ተነስታ ፊት ለፊቱ ቆመችና በለጠን ሳትጠብቅ በተሰባበረ አማርኛ፣ "ፍየል እሺ። ልጆቹ ግን መንገድ ሙሉ ውሃው የት አለ አሉኝ። ለእነሱ ምን ልበል?" አለችው።



ሥራውን ትቶ የሚመለስበት የአዋሹ አውቶብስ ሊነሳ ሲል ሀምዳ መናኸሪያ ድረስ መጣች። ቂም እንዳልያዘች ነገረችው። "ብቻ" አለች፣ "ያን ቀን ደግሜ ያልጠየቅሁዎት ቲቸሬ ስለሆኑ ነው። ከእንግዲህ ማንንም እንዲያ ማመን የምችል አይመስለኝም።"

ይቅርታ ሊላት ፈለገ፤ ግን ጥፋቱን ሽማግሌዎቹ ፊት ተናግሮ ጨርሶ ነበር፤ ሻንጣውን አንስቶ ተሳፈረ። ገዋኔ ላይ ተሳፋሪው ሁሉ ምሳ ሊበላ ሲወርድ እሱ ከመቀመጫው አልተነሳም። ከመንገዱ ማዶ ፍየሎች የካርቶን ቁራጭ እያኘኩ ነበር። ፊቱን ወደ ሌላው መስኮት አዞረ።