አራት ገጽ የጉዝቤሪ ሊከር

ልጄ ደውላ «እማ፣ ከአዲሱ ቤታችን ጀርባ ያለው የጉዝቤሪ ቁጥቋጦ አፈራ፤ ሊከሩ፣ ያ ጣፋጭ መጠጥሽ፣ እንዴት ነበር የሚሠራው?» ስትለኝ፣ አፌ ላይ የመጣው መልስ እኔኑ አስገረመኝ።

«እጽፍልሻለሁ» አልኳት።

መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «አለሽ?» አልኩ።

«አለሁ። አሁኑኑ ብትነግሪኝ አይሻልም? የአማቴ ስድሳኛ ልደት ሦስት ወር ነው የቀረው። ለእንግዶቹ የሚቀርበውን መጠጥ እኔ ነኝ የማመጣው ብዬ በሰው ፊት አፌን ከፍቻለሁ።»

«እጽፋለሁ አልኩሽ እኮ።»

ልጄ አምና ነው አግብታ ወደ ሌላ ከተማ የሄደችው። ባሏ አናጢ ነው፣ የተባረከ ልጅ። አማቷ ግን የሰው እጅ ሥራ በቀላሉ የማይጥማቸው ሴት ናቸው ይባላል። እኔ ደግሞ የመሠረተ ትምህርት ክፍል ከገባሁ ገና ሁለተኛ ዓመቴ ነው። እስከዚያ ድረስ ለልጄ በወረቀት ያደረግኩላት ነገር ቢኖር፣ የትምህርት ቤት ሰነዷ ላይ በአውራ ጣቴ መፈረም ብቻ ነበር።

ደብዳቤው ሦስት ከሰዓት በኋላ ፈጀብኝ። አራት ገጽ ሆነ። አስተማሪያችን፣ የልጄ እኩያ የምትሆን ልጅ፣ ገጾቹን አገላብጣ አየችና «እናቴ፣ ይሄ የመጠጥ አሠራር ነው ወይስ ሕገ መንግሥት?» አለችኝ። ሁለት ቃል ብቻ አርማ መለሰችልኝ። ልቤ ቅቤ ጠጣ።

ምንም አላስቀረሁም ነበር። ጉዝቤሪ እሾህ ስላለው ጓንት ሳታደርጊ እንዳትለቅሚ። መሰላል ላይ እንዳትወጪ። የፍሬውን ራስና ጭራ በመቀስ ቁረጪ፣ እጠቢ፣ አድርቂ። አንድ ኪሎ ፍሬ፣ ግማሽ ኪሎ ስኳር፣ አንድ ሊትር ቮድካ አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ ጨምሪና ክደኚ፤ ቀይ እስኪሆን ሁለት ወር ጨለማ ቦታ ይቀመጥ። ጠርሙሱን ብቻሽን እንዳታነሺ፣ ወገብሽን። ቮድካውን ከባልሽ ደብቂ።

ደብዳቤው እንደደረሳት ደወለች። «እማ፣ መሰላሉ ለምንድን ነው? ቁጥቋጦው እኮ እስከ ጉልበቴ ነው።»

«ያድጋል» አልኳት።

ከሁለት ወር በላይ አለፈ። ልደቱ ሁለት ሳምንት ሲቀረው እንደገና ደወለች።

«እማ፣ እንዳትደነግጪ።»

እንዳትደነግጪ ተብሎ ያልደነገጠ ሰው እኔ አላውቅም። ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

«ቮድካው ውኃ እንደመሰለ ነው። ፍሬው ብይ ሆኗል። የጻፍሽውን አንድም አልዘለልኩም።»

ለካ ሰው በስተርጅና ብዕር ሲጨብጥ የልጁን ትዳር ይበጠብጣል ብዬ አሰብኩ። አማቷ በእንግዶቹ ፊት ብርጭቆውን አንስተው፣ አይተው፣ መልሰው ሲያስቀምጡት ታየኝ። በአፌ ብነግራት ኖሮ ይሄ ይመጣ ነበር?

«ደብዳቤውን አንብቢልኝ» አልኳት። ጠረጴዛው ላይ፣ ዘግይቶ ካፈራው ቁጥቋጧችን ለራሳችን የለቀምኩት ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ ጉዝቤሪ ነበር። «አንቺ አንብቢ፣ እኔ እዚህ እየሠራሁ የጎደለውን አያለሁ።»

የስልኩን ድምፅ ከፍ አደረግኩት። ባለቤቴ፣ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሹፌር፣ ፊት ለፊቴ ጋዜጣውን ይዞ ተቀምጧል። ቁረጪ ስትል ቆረጥኩ። እጠቢ ስትል አጠብኩ። አድርቂ ስትል በፎጣ አደረቅኩ።

«ከዚያ ጠርሙሱ ውስጥ ጨምሪ ይላል» አለች።

«እየጨመርኩ ነው። ምንም አልጎደለም።»

ባለቤቴ በመነጽሩ አናት አየኝ። «መውጋቱን ጽፈሽላታል?»

«ምኑን?»

«ፍሬውን ነዋ።»

እጄን አየሁት። በሁለት ጣቴ አንድ ጉዝቤሪ፣ በሌላው እጄ መርፌ ይዣለሁ። መርፌውን ከልብሴ አንገት ላይ መቼ እንደነቀልኩት አላውቅም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ እጄ ጭንቅላቴን ሳያማክር ሲወጋ ኖሯል ለካ፤ የጻፈው ደግሞ ጭንቅላቴ ነው።

«ልጄ፣ ቆዳውን በስተሽዋል?»

«ኧረ አልበሳሁም። ወረቀቱ ላይ የለም።»

«የለም» አልኩ። «ግን ከሥሬ አልነበርሽም እንዴ? ስሠራ አይተሽ አታውቂም?»

«መርፌ ይወጋሻል እያልሽ ከኩሽና ታባርሪኝ አልነበር?»

ባለቤቴ ጋዜጣውን ወደ ፊቱ ከፍ አደረገ።

«ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ እመጣለሁ» አልኩ።

«አትምጪ። ስንቴ ስንቴ ልውጋው?»

«አራቴ አራቴ። ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጪና ጠዋትና ማታ ነቅንቂው። ጣትሽን ጠብቂ።»

ባልና ሚስት ፍሬውን አውጥተው ቁጭ ብለው ወጉት። እሱ በአናጢ ወስፌ ልሞክር ብሏት ከልክላዋለች። በአራተኛው ቀን «ቀላ» አለችኝ። እኔንም ያን ሌሊት እንቅልፍ ወሰደኝ።

ከልደቱ ማግስት ደወለች። አማቷ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስተው አዩ፤ ቀመሱ። ሁለተኛ አስቀዱ። ሦስተኛው ላይ አሠራሩን ጠየቁ።

«ታዲያ ምን አልሻቸው?»

«ደብዳቤሽን ገልብጬ ሰጠኋቸው። አራቱንም ገጽ።»

«መርፌውን ጨምረሻል አይደል?»

ሳቋን ስታፍን ሰማሁ።

«አንቺ ልጅ።»

«እማ፣ እሳቸውም የኬካቸውን አሠራር ሲነግሩኝ እርሾውን ዘለውብኛል። ኬኬ የጫማ ሶል ሆኖ ቀረ። እኔም መርፌውን ዘለልኩ፤ ተቻቻልን።»

ባለቤቴ ከት ብሎ ሳቀ። እኔንም ሳቅ ሊያመልጠኝ ነበር፤ ግን ሴትዮዋ በማያውቁት ነገር ኪሎ ፍሬያቸው ብይ ሆኖ ሊቀር ነው። የደብዳቤው ግርጌ ላይ ያለው ደግሞ የእኔ ስም ነው።

«አድራሻቸውን ንገሪኝ።»

«ተይው እማ።»

«አድራሻ።»

ነገረችኝ። ለማላውቀው ሰው ጽፌ አላውቅም፤ ስለዚህ ንጹሕ ወረቀት አወጣሁና እጄን ሁለት ጊዜ ታጠብኩ።

«ይድረስ ለተከበሩ የልጄ አማት። ጤናዎ እንዴት ነው? እኔ ደኅና ነኝ። በደብዳቤዬ አንድ ነገር ረስቻለሁ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። ፍሬውን ጠርሙሱ ውስጥ ከመጨመርዎ በፊት አንድ በአንድ አራት አራት ጊዜ በመርፌ ይውጉት። ጣትዎን ይጠብቁ።»

ልፈርም ስል ልጄ ትዝ አለችኝና አንድ መስመር ጨመርኩ።

«ኬክዎ ውስጥ የሚገባው እርሾ ስንት ማንኪያ ነው?»