መብራቱ ሲመጣ

ሰፈሩ በአንድ አፍ «መጣ!» አለ።

መብራት ከጠፋ ቆይቶ ነበር፤ ሲመለስ ልጆቹ እንደ ልማዳቸው በየአጥሩ ጮኹ። ለቅሶ ቤቱ ውስጥ ግን የሳሎኑም፣ የኮሪደሩም፣ ተዘግቶ የነበረው የመኝታ ቤቱም አምፖል ማንም ሳይነካቸው አንድ ላይ ቦግ አሉ። ከጨንቻ የወረዱት የሟች አክስት እማማ በለጥሽ በመኝታ ቤቱ በር ስር የወጣውን ብርሃን አዩና «መጣ? ወልደየሱስ መጣ?» ብለው ደረታቸውን መቱ። ሴቶቹ ተቀብለው አለቀሱ። ከወንዶቹ ወገን አንዱ ሳቁን በጋቢው ሸፈነ።

የሟች ሚስት ጸዳለ አላለቀሰችም። ደክሟታል። ከቀብሩ ወዲህ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ «እግዜር ያጽናሽ» ላላት ሁሉ አንገቷን ስትሰብር ማጅራቷ ደንዝዟል። ከመሸ ደግሞ ለቀስተኛውን የምትለየው በድምፁ ነው። ይህን የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፤ እሱን ቀብረው መጡ።

የሟች ታናሽ ወንድም ላቀው ተነሳ። ይህ ነገር በሐዘን ቤት ነውር ነው፣ አሮጊት ያስደነግጣል፣ ወንድሜ ጡረታ ከወጣ ጀምሮ በአምፖል ሲጫወት ኖረ፣ አሁን ይብቃ አለ። ሁሉንም ነቅሎ ተራ አምፖል ሊያስገባ ወንበር ፈለገ።

«ተወው ላቀው» አለች ጸዳለ።

«እትዬ፣ ሰው ምን ይላል?»

ሰው ድሮም ብሏል። ወልደየሱስ የቴክኒክ መምህር ነበር። መጀመሪያ የበረንዳውን አምፖል ሲመሽ በራሱ የሚበራ አደረገው፤ ጸዳለ በድንግዝግዝ ደረጃ ስታ የወደቀች ሰሞን ነው። ቀጥሎ ኮሪደሩ ላይ ሰው ሲያልፍ የሚያበራ መሣሪያ ሰቀለ። መሣሪያው ለድመት ሁሉ እያበራ ሲያስቸግር፣ ከፍ ዝቅ ሲያደርገው ከረመ። ኋላ በስልክ የሚታዘዙ አምፖሎች ከአዲስ አበባ አስመጣ። ቢጫውን ሞከሩ፣ ነጩን ሞከሩ። «በየትኛው ነው የበሩ ደፍ የሚታይሽ?» ይላታል ወለሉ ላይ ተንበርክኮ። በነጩ አለችው፤ ነጭ አደረገው። ጎረቤት «ጋሽ ወልደየሱስ ፈረንጅ ሆኑ፤ ማብሪያ መጫን ደከማቸው» ብሎ ሲስቅ እሱም አብሮ ይስቃል።

ስለ ዓይኔ አትናገር ያለችው እሷ ነበረች። ሐዋሳ የምትኖረው ልጃቸው ሐሴት፣ ዓይናችሁ ከደከመ ይሄ ቤት ይከራያል፣ እኔ ጋ ትመጣላችሁ ብላ ነበር። ጸዳለ ደግሞ የአባያ ሐይቅ ነፋስ የሚገባበትን ቤቷን ትታ በልጇ ቤት እንግዳ መሆን አልፈለገችም።

አሁን ሽንቷ ከያዛት ቆይቷል፤ መብራቱ እስኪመጣ ነበር የጠበቀችው። ተነሳች። ኮሪደሩ አፍ ላይ ስትደርስ ግን ጨለማ ተቀበላት። ላቀው ቃሏን ሳይሰማ ወንበር ላይ ቆሞ አምፖሉን ነቅሎ ይዞታል። ግድግዳውን እየዳበሰች ስትራመድ እግሯ ወንበሩን መታው። ላቀው ተንገዳገደ። ሐሴት ከኋላ ደረሰች።

«እማዬ፣ አላየሽውም?»

እንባ ነው፣ እንቅልፍ ማጣት ነው ብትል ለቅሶ ቤት ማን ይመረምራል። መዋሸቱ ራሱ ደከማት።

«አላየሁትም። ከመሸ አላይም። አባትሽ ያን ሁሉ ያበራው ለእኔ ነው።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ከቤቴ አታስወጪኝ።»

ሐሴት ወደ ላቀው ቀና አለች። «ጋሼ፣ ይመልሱት።»

ላቀው አምፖሉን ሊያስገባ ሞከረ፤ አልገጥም አለው። እስኪገጥም ሐሴት ለእናቷ ክንዷን ሰጠቻት።

«መብራቱን በስልክ ማዘዙን እኔ እለምደዋለሁ» አለች። «ሐዋሳ ሆኜም ይታዘዝልኛል፣ አይደል?»

«አባትሽ ይታዘዛል ብሎኝ ነበር።»

አምፖሉ ገጠመ። ኮሪደሩ እስከ ጥግ ነጭ ሆነ፤ ወለሉም፣ የበሩም እጀታ፣ የልጇም ፊት ታያት። ሐሴት አሁንማ ታይ የለ ብላ ክንዷን ልታላቅቅ ስትል፣ ጸዳለ ጠበቅ አድርጋ ያዘችው።