የመካኒሳው ባቡር ወፍራም ድምፅ

ሚሳኤል ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ከሰኞ እስከ ዓርብ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ፋይል ያወጣል፣ ፋይል ይመልሳል። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን የልጆች ባቡር ላይ ይሳፈራል። ይህን ለሰው ሲነግር ሰው መጀመሪያ ይስቃል፤ ቀጥሎ ስንት ልጅ እንዳለው ይጠይቃል፤ አንድም እንደሌለው ሲሰማ ደግሞ ወሬ ይቀይራል። ስለዚህ መንገሩን ትቶታል።

የሚኖረው ለቡ፣ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ከበረንዳው ሥር ወይዘሮ ገበያነሽ የሚባሉ ሴትዮ የከፈቱት የልጆች መጫወቻ አለ። ዥዋዥዌ አለ፣ ሸርተቴ አለ፣ ክብ ሐዲድ ላይ የምትዞር ባለ አራት ፉርጎ ትንሽ ባቡርም አለች። ባቡሯ ስትነሳ በኪቦርድ የተመታ ዜማ ይጀምራል። ዜማው ሲያልቅ አንዲት ሴት «ደርሰናል ልጆች! ቀስ ብላችሁ ውረዱ!» ትላለች፤ ባቡሯ ትቆማለች። ጎረቤቶቹ ይህን ዜማ ሲረግሙ ይውላሉ። ሚሳኤል ግን ከዕለታት አንድ ቀን ጥርሱን እየቦረሸ ሲያንጎራጉረው ራሱን አገኘው። ከዚያ በኋላ መዳኛ አልነበረውም።

አንድ ጊዜ ስልኩ ተበላሽቶ መካኒሳ ሄደ። ስልክ የምትጠግነው ሐሚዳ ትባላለች፤ ሱቋ የወይዘሮ ገበያነሽ ሁለተኛ መጫወቻ ፊት ለፊት ነው። እዚያም ያው ባቡር፣ ያው ዜማ። ሚሳኤል ወረፋ ይዞ እንደተቀመጠ ጆሮው ቆመ። ዜማው ያው ሆኖ ከበድ ብሏል፣ ይጎተታል። መጨረሻ ላይ ደግሞ «ደርሰናል ልጆች!» ያለው ወንድ ነው፤ ድምፁ የወፈረ፣ የተረጋጋ፣ ትንሽ ሆድ የባሰው የሚመስል ወንድ።

«ይሄ ለቡ ካለው ይለያል» አለ ሳያስበው።

ሐሚዳ ከምትፈታው ስልክ ቀና እንኳ ሳትል «ለቡማ ሴት ናት» አለች። «እህቴ እዚያ ስለሆነች ልጄን ይዤ ስሄድ እሰማለሁ። ደግሞ የለቡው ይፈጥናል።»

ሚሳኤል ሊያቅፋት ምንም አልቀረውም። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ከሌላ ሰው አፍ ሲወጣ ሰምቶ አያውቅም።

በሳምንቱ «የባቡር ድምፅ ተመራማሪዎች» የሚል የቴሌግራም ግሩፕ ከፈቱ። አሥራ አንድ አባላት ነበሩት። ከአሥራ አንዱ ሁለቱ የሚከራይ ቤት ፈልገው በስህተት የገቡ ናቸው፤ አንዱ ደግሞ የሚሳኤል አለቃ ነው፣ ሚሳኤል ሳይጠይቀው ያስገባው፤ እሱም ከገባበት ቀን ጀምሮ ትንፍሽ ብሎ አያውቅም። የቀሩት ግን ከልባቸው ነበሩ። ሀና ማርያም አካባቢ የምትኖር አንዲት የሂሳብ መምህርት ዜማውን በኖታ ለይታ ጻፈችው። አንድ የሚኒባስ ሹፌር በመካኒሳ ባለፈ ቁጥር መስኮቱን ከፍቶ ቀድቶ ይልክ ነበር፤ ከቀዳው ግማሹ የረዳቱ ጩኸት ነው።

ምርምሩ ግን አንድ እንቅፋት ነበረው። አዋቂ ያለ ልጅ ባቡሩ ላይ መሳፈር አይችልም። ስለዚህ ሚሳኤል የሐሚዳን የስድስት ዓመት ልጅ ሰሀርን ይዋስ ነበር። ጉልበቱ አገጩን እየነካው ፉርጎ ውስጥ ይታጠፍና ስልኩን ወደ ድምፅ ማጉያው ዘርግቶ ይዞራል። ሰሀር ከሦስተኛው ቅዳሜ በኋላ በነፃ አልሳፈርም ብላ ፈንዲሻ ጠየቀች፤ ከአምስተኛው በኋላ ፈንዲሻና ጁስ። ሚሳኤል ሁለቱንም ተቀበለ። ሳይንስ ዋጋ ያስከፍላል ብሎ ራሱን አጽናና።

ለኩት። የለቡው ሁለት ደቂቃ ከአርባ ሰከንድ፤ የመካኒሳው ሦስት ደቂቃ ከአምስት። ሃያ አምስት ሰከንድ! ግሩፑ ሦስት ቀን አልተኛም። በመጨረሻ ሚሳኤል መላምቱን አቀረበ፤ ዜማው መጀመሪያ የተቀዳው በወንድ ነው፣ በኋላ በማይታወቅ ምክንያት ሰውዬው ተነሥቶ በሴት ተተካ፣ የመካኒሳው ብቻ ሳይቀየር ተረፈ። ሰውዬውን «ያልታወቀው» ብለው ጠሩት። ስምንት ወር ፈለጉት።

የስምንቱ ወር ውጤት አሥራ አራት ገጽ ሆነ። ማውጫ ነበረው፤ የምስጋና ገጽም ነበረው፣ ለሰሀር። ገጽ ዘጠኝ ላይ ሚሳኤል የ«ያልታወቀውን» ዕድሜ «ከሃምሳ እስከ ስልሳ»፣ ሙያውን «ምናልባት የቀድሞ መምህር»፣ ጠባዩን «ዝምተኛ» ብሎ አሰፈረ። ይህን ሁሉ ያገኘው «ደርሰናል ልጆች» ከሚሉ ቃላት ነው። ከዚያም ለወይዘሮ ገበያነሽ በአድራሻቸው እንደ ደብዳቤ አድርጎ ላከው። ዋናውን ቅጂ እንዲያሳዩት ለመነ፤ ምሁር እንዲመስል ደግሞ የመካኒሳው ድምፅ «ከለቡው ጋር ሲነጻጸር ከደረጃ በታች ነው» የምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ጣል አደረገ። መጀመሪያው ገጽ ላይ።

መልስ አልመጣም። በሁለተኛው ቅዳሜ መካኒሳ ሲደርስ ግን ሐሚዳ ከሱቋ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው።

«ሰውዬው የለም» አለችው።

ቆመው አዳመጡ። ዜማው ፈጠን ፈጠን እያለ ሄደና «ደርሰናል ልጆች!» አለች ሴትየዋ። ልክ እንደ ለቡው። ሚሳኤል ዘመድ የሞተበት ያህል ደረቱን ያዘ፤ ስልኩን አውጥቶ ግሩፑ ላይ «ያልታወቀው ጠፍቷል» ብሎ ጻፈና ወደ ባቡሩ ገሰገሰ።

ባቡሩን የሚነዱት ጋሽ ሮበሌ ናቸው፤ በወጣትነታቸው የጭነት መኪና ሹፌር የነበሩ፣ አሁን ጥላ ሥር ተቀምጠው አንድ ቁልፍ የሚጫኑ ሽማግሌ። ፊታቸው ጠቁሯል።

«ጋሽ ሮበሌ፣ ዘፈኑ ምን ሆኖ ነው?»

«ተወኝ እባክህ! አንድ ሥራ ፈት ደብዳቤ ጽፎ ነው። አሥራ አራት ገጽ! ሰው ርስቱን ሲቀማ እንኳ ለፍርድ ቤት ይህን ያህል አይጽፍም። ከደረጃ በታች ነው ብሎ ጻፈ፤ መጥተው ማጫወቻውን ነቅለው አዲስ አስገቡ።»

«አሮጌው ምን ልዩነት ነበረው?»

«ቁልፍ ነበረችዋ! ፍጥነት የምትቀንስ።» ጋሽ ሮበሌ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ስማ፤ የእትዬ ገበያነሽ ትእዛዝ አንድ ዘፈን አንድ ዙር ነው። ዘፈኑ ሲያልቅ አቆማለሁ። ልጆቹን ግን አይተሃቸዋል? መጀመሪያ ይፈሩና ዝም ይላሉ። ከዚያ እናታቸውን በዓይን ይፈልጋሉ። ሲያገኟት እጃቸውን ያወዛውዛሉ። ልክ ሊስቁ ሲሉ፣ ደርሰናል! እያለቀሱ ይወርዳሉ። እኔ ትእዛዝ አልጥስም፤ ስለዚህ ዘፈኑን አስረዘምኩት። ቁልፏን ትንሽ ወደ ግራ ጠምዘዝ። ማንም አላወቀብኝም። ይሄ ደብዳቤ የጻፈ የጆሮ ቆሻሻ እስኪመጣ ድረስ።»

«ሰውዬውስ?»

«የቱ ሰውዬ?»

«ደርሰናል የሚለው። ወፍራሙ።»

ጋሽ ሮበሌ ግራ ገብቷቸው አዩት። «ራሳቸው እትዬ ገበያነሽ እኮ ናቸው! ሁለቱም ጋ እሳቸው ናቸው። ሲንቀራፈፍ ወፈረ እንጂ ምን ሰውዬ አለ?»

ሚሳኤል ገጽ ዘጠኝን አሰበ። ዝምተኛ። የቀድሞ መምህር። ጆሮው ጫፍ ድረስ ጋለ። በዚህ መሐል ባቡሯ ቆመች፤ አንዲት ባለ ሹሩባ ልጅ የፉርጎውን ብረት አንቃ አልወርድም ብላ አለቀሰች፤ እናቷ ጣቷን አንድ በአንድ እያላቀቀች አወረደቻት። ሚሳኤል ያቺን ልጅ እያየ ዝም ማለት አልቻለም።

«ጋሽ ሮበሌ፣ ሥራ ፈቱ እኔ ነኝ።»

ሽማግሌው ከእግሩ እስከ ራሱ በዓይናቸው ለኩት። «ለካ ልጅ ተውሰህ የምትሳፈረው ለዚህ ነው? እኔ ደግሞ ትዳር አጥቶ ልጅ አምሮት ነው ብዬ አዝንልህ ነበር!» አሉ። ከዚያ በቁጣም አይደለም፣ በድካም «ካበላሸኸው አይቀር ሂድና አስተካክል» አሉት።

በማግስቱ ሐሚዳን አስከትሎ ለቡ ወይዘሮ ገበያነሽ ቢሮ ገባ። ቢሮው ከቲኬት መቁረጫው ጀርባ ያለች ጠባብ ክፍል ናት። ወይዘሮዋ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩት።

«ያ ደብዳቤ የአንተ ነው? የመጀመሪያውን ገጽ አንብቤዋለሁ። ጥሩ አድርገህ ጽፈሃል፤ ይኸው አስተካክለናል።»

«እሱን ነው ልነግርዎት የመጣሁት፣ እትዬ። ተሳስቻለሁ። ደህናው የመካኒሳው ነበር።»

«ስምንት ወር አጥንቼ ብለህ አልጻፍክም?»

«አጥንቼ ነው የተሳሳትኩት።»

ሐሚዳ ሳቋን በሻሿ ጫፍ ሸፈነች። ሚሳኤል የጋሽ ሮበሌን ነገር ላለማንሳት እየተንተባተበ፣ ልጆቹ ሊስቁ ሲሉ እንደሚያልቅባቸው አስረዳ። ማስረጃ ይሆናል ብሎም የድሮውን የመካኒሳ ቅጂ ከስልኩ አሰማቸው። ሊሠራው ከሚችለው ስህተት ሁሉ የከፋውን መሥራቱ የገባው መጨረሻው ሲደርስ ነው።

«ደርሰናል ልጆች!» አለ ወፍራሙ ድምፅ።

ወይዘሮዋ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይሄ ማነው?» አሉ ወይዘሮ ገበያነሽ።

ሐሚዳ ወለሉን አየች። ሚሳኤል ጣሪያውን አየ። «እርስዎ ነዎት» አለ በመጨረሻ።

«እኔ?» ስልኩን ቀሙትና ደግመው ሰሙት። ሦስተኛ ጊዜም ሰሙት። «መካኒሳ ላይ እንዲህ እያልኩ ነው የከረምኩት? ወንድሜ ጉንፋን ሲይዘው ልክ እንዲህ ነው! ሮበሌ ጆሮ የለውም? እንዴት አይነግረኝም?»

«ማጫወቻው ነው፣ እትዬ» አለች ሐሚዳ ቶሎ ብላ። «ፍጥነቱ ሲቀንስ ድምፅ ይወፍራል። በየቀኑ ለሚሰማው ሰው አይታወቅም።» ይህ ውሸት አልነበረም፤ ማን እንደቀነሰው ብቻ ዘለለች። «ከፈቀዱልኝ ግን ዜማውን አርዝሜ የእርስዎን ድምፅ እንዳለ መተው እችላለሁ። በስልኬ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።»

ወይዘሮዋ ማጉረምረም ጀመሩ። እሁድ እሁድ ሰልፉ አስፋልት ይደርሳል፤ ዙሩ ከረዘመ ወረፋው ምን ሊሆን ነው? እዚህ ላይ ሚሳኤል ከወንበሩ ተነሣ።

«ገጽ አሥራ አንድ!» አለ፤ ድምፁ ከሚገባው በላይ ጮኸ። «አላነበቡትም፤ ማንም አላነበበውም። ከዜማው ማለቅ እስከሚቀጥለው መነሣት ያለውን ጊዜ ለክቼ ነበር። ለቡ ልጆቹ አልወርድም ስለሚሉ ከሃምሳ ሰከንድ በላይ ይፈጃል። መካኒሳ ጠግበው ስለሚወርዱ ሠላሳ አይሞላም። ወረፋው ያው ነው።»

ወይዘሮ ገበያነሽ በመስኮቱ ወደ ባቡሯ አዩ። ልክ ዜማው አልቆ ነበር። አንድ አባት እየጮኸ የሚንፈራገጥ ልጁን እንደ ማዳበሪያ ከረጢት ብብቱ ሥር ይዞ ይወርዳል። ከኋላ ያሉት ቆመው ይጠብቃሉ። እሳቸውም ቆመው ሰዓታቸውን አዩ፤ የሚቀጥለውንም ዙር ጠብቀው አዩ።

«እሺ፤ ሥሪው» አሉ ለሐሚዳ። «ሁለቱም ጋ። ግን የኔ ድምፅ የሴት ይሁን።»

በሳምንቱ መካኒሳም ለቡም ባቡሩ ሦስት ደቂቃ ከአምስት ሰከንድ መዞር ጀመረ፤ በሁለቱም ቦታ መጨረሻ ላይ የምትናገረው ጥርት ያለች ሴት ናት። ሚሳኤል ግሩፑ ላይ እውነቱን በዝርዝር ጻፈ። ልዩነት የለም፤ ያልታወቀውም ሰው አልነበረም፤ ነበረ ከተባለም ያጠፋነው እኛው ነን። መምህርቷ የሚያለቅስ ምስል ላከች። የሚኒባሱ ሹፌር «ታዲያ እስካሁን ማንን ስቀዳ ነበር?» ብሎ ጠይቆ ወጣ። አለቃው ለመጀመሪያ ጊዜ ጻፈ፤ «አቶ ሚሳኤል፣ ሰኞ ጠዋት ቢሮዬ ብቅ በል።» ሰኞ ብቅ ሲል ግን አለቃው ሊቆጣው አልነበረም። በሩን ዘግቶ፣ ሳር ቤት በኩል ያለች አንዲት ዥዋዥዌ የምታሰማው ዜማ ባለፈው ዓመት ከነበረው የተለየ እንደሚመስለው፣ ግን እርግጠኛ እንዳልሆነ በሹክሹክታ ነገረው።

ያን ቅዳሜ ሚሳኤል ከሰሀር ጋር መካኒሳ ባቡር ላይ ወጣ። ስልኩን ከኪሱ አላወጣም፤ የሚለካ ነገር አልነበረም። ጋሽ ሮበሌ ቁልፉን ተጫኑ። ሁለት ደቂቃ ከአርባ አካባቢ፣ ከፊቱ ያለው ፉርጎ ውስጥ አንዱ ልጅ ሳቀ፤ ሁለተኛው ተከተለው፤ ሳቁ ወደ ኋላ እየተላለፈ መጣና ሚሳኤልም ጉልበቱን አቅፎ ጮክ ብሎ ሳቀ። ከአጥሩ ውጭ የቆመች እናት ይህንን ትልቅ ሰው አይታ፣ ልጇን በእጇ ወደ ራሷ ሳብ አደረገችና ሰውዬው ይውረድና የሚቀጥለውን ዙር እንጠብቅ አለችው።